የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ወደ ኋላ የሚወልቅ ትከሻ

ጥያቄ፦ የ26 ዓመቱ ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት። ከዐሥር ቀን በፊት ሌሊት ከጣለው ወዲህ ቀኝ እጁን ሆዱ ላይ አጥፎ ይውላል። ራጅ ተነሥቶ «አጥንቱ ደህና ነው» ተባለና ማስታገሻ ተሰጠው። ወጌሻም ሁለት ጊዜ በቅቤ አሸው፤ ለውጥ የለም። ምን ይሻላል? (ከቢቸና)

መልስ፦ ዛሬውኑ አንድ ነገር ይመልከቱልን። ወንድምዎን ያስቀምጡና ሁለቱንም ክርኖቹን ከጎኑ አጣብቆ፣ በ90 ዲግሪ አጥፎ፣ መዳፎቹን ወደ ውጭ እንዲከፍት ይንገሩት። ጤነኛው እጅ ወደ ጎን ይከፈታል። የታመመው ሆዱ ላይ እንደተቆለፈ ከቀረና እርስዎ በቀስታ ሲረዱትም አልሄድ ካለ፣ ትከሻው ወደ ኋላ ወልቆ ሊሆን ይችላል። በጉልበት ግን እንዳያዞሩት። ሸሚዙን አውልቆ ከበላዩ ቁልቁል ሲያዩት ከፊት ጠፍጣፋ፣ ከኋላ ጉብ ያለ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ከመቶ የትከሻ ውልቃት ወደ ኋላ የሚሆነው ከ2 እስከ 5 ያህሉ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። የሚጥል በሽታና የኤሌክትሪክ አደጋ ግን ዋነኛ መነሻዎቹ ናቸው። ሰውነት ሲንዘፈዘፍ ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት የደረትና የጀርባ ጡንቻዎች ወደ ውጭ የሚያዞሩትን ያሸንፉና የክንዱን አጥንት ራስ ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ሁለቱም ትከሻዎች አብረው ሊወልቁ ስለሚችሉ ግራውም ይታይ።

ራጁ «ደህና» ያለው ከፊት ብቻ ስለተነሣ ሊሆን ይችላል። አጥንቱ ቀጥታ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ከፊት ሲታይ ቦታው ላይ ያለ ይመስላል፤ ልምድ ያለው ዓይን የአጥንቱ ራስ እንደ አምፖል ክብ ሆኖ መታየቱን ልብ ይላል። ስለዚህ «በብብት በኩል የሚነሣ ራጅ ይነሣልን» ብለው ይጠይቁ። ክንዱን ማራቅ ካልቻለ፣ እጁ እንደታሰረ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ከላይ ወደ ታች የሚነሣው ቬልፖ የሚባለው አለ። ይህ ሁለተኛ ራጅ ሳይነሣ «ጡንቻ ነው»፣ «ትከሻው ደርቋል» የሚል መልስ አይቀበሉ።

ከእንግዲህ መታሸትም መጎተትም ይቁም። የአጥንቱ ራስ ከጽዋው (ራሱ ከሚቀመጥበት የትከሻ ጉድጓድ) የኋላ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ብዙ ጊዜ ይሰረጎድና እዚያው ይነከሳል፤ ሳይላቀቅ ወደ ውጭ ከተጠመዘዘ ሊሰበር ይችላል። ሐኪሙ በማደንዘዣ ጡንቻውን አላልቶ፣ ክንዱን ወደ ፊት አንሥቶ እየሳበ፣ መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ውስጥ አዙሮ ያላቅቀዋል፤ ረዳቱ ከኋላ ይገፋል፤ ወደ ውጭ የሚዞረው በመጨረሻ ነው። ያለ ቀዶ ሕክምና መመለሱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ይቀላል። ዐሥር ቀን አልፏልና አይዘግዩ፤ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር ጥበበ ጊዮን፣ ይዘውት ይሂዱ።

ስርጉዱ ምን ያህል እንደሆነ በሲቲ ስካን ይለካል። ከአጥንቱ ራስ ከ20 እስከ 25 በመቶ በታች ከሆነ መመለሱ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ከዚያ እስከ ግማሽ ገደማ ከሆነ ከፊት ያለው ጅማት ከተጣበቀበት አጥንት ጋር ተነሥቶ ስርጉዱን ይሞላል። ከግማሽ በላይ ሲሆን ወይም ብዙ ወር ሲያልፈው ወደ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ያመራል።

ከተመለሰ በኋላ የሚያበላሸው አስተሳሰሩ ነው። እጅን በነጠላ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ሆድ ላይ ማሳረፍ ለሌላው ውልቃት ይሆናል፤ ለዚህኛው ግን አጥንቱን መልሶ ወደ ኋላ ይገፋዋል። እጁ ወደ ፊት ወይም ትንሽ ወደ ውጭ እንዲያመለክት በሆዱና በክንዱ መካከል ትራስ ገብቶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ጣቶቹንና አንጓውን ግን በየቀኑ ያንቀሳቅስ።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን አንድም ቀን እንዳያስታጉል አደራ። ሕመሙ ዳግም ከጣለው የተጠገነውም ሊፈርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጂም እሠራለሁ። ፑሽ አፕና ቤንች ፕሬስ ስሠራ ግራ ትከሻዬ ከኋላ ያመኛል፤ ቀጭ ይላል። ወልቆ ግን አያውቅም። (የ22 ዓመት ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ ሳይወልቅ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ትከሻም አለ፤ እንዳንተው ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በሕመም ነው። መርማሪው ክንድህን በትከሻ ከፍታ ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ክርንህን ወደ ትከሻህ እየገፋ፣ ክንድህን በደረትህ ፊት ወደ ሌላው ጎን ያሻግራል። ድንገት ቀጭ ብሎ ካመመህ የጽዋው ጠርዝ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በደንብ የሚያሳየው ኤም አር አይ ነው።

መግፋት ያለበትን ስፖርት ሁሉ አቁም፤ ዲፕስንም ጨምር። ክርንህን ከጎንህ አጣብቀህ፣ በመካከሉ የተጠቀለለ ፎጣ ይዘህ፣ ከበር እጀታ የታሰረ ላስቲክ ወደ ውጭ ሳብ፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። የትከሻ ሳህንህን (ከትከሻህ ኋላ ያለውን ሰፊ አጥንት) ወደ ኋላ ሰብስበህ የምትስበውንም ጨምርበት። ሕመም ካመጣ ላስቲኩን አቅልል። ከ3 እስከ 6 ወር በትጋት ሠርተህ ካልተሻለህ በካሜራ እየታየ የሚሠራው ቀዶ ጥገና ይታሰባል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ከባድ ክብደት ለመመለስ 6 ወር ገደማ ይፈጃል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ እስክስታ ስትለማመድ ትከሻዋን ራሷ ታወልቅና ትመልሰዋለች፤ አያማትም። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ይሆን? (እናት፣ ዳንግላ)

መልስ፦ አያስፈልጋትም። እስክስታውም አይቅርባት፤ ለጓደኞቿ ለማሳየት ማውለቁን ግን ይከልክሏት፤ በተደጋገመ ቁጥር ጅማቱ እየላላ ይሄዳል። አውራ ጣቷ ወደ ክንዷ ታጥፎ የሚነካ፣ ጉልበቷና ክርኗ ወደ ኋላ የሚለመጡ ከሆነ መገጣጠሚያዎቿ በተፈጥሮ የላሉ ናቸው፤ እንዲህ ባለ ሰው ቀዶ ጥገና ብዙ ጊዜ አይጸናም። ከላይ የጻፍነውን የላስቲክ ልምምድ በቀላል ላስቲክ ትሥራ። ሕመም ከጀመራት ወይም ሳትፈልግ ከወለቀባት ፊዚዮቴራፒስት ጋር ይውሰዷት።