«የውጭ ታዛቢ ማጭበርበር ካየ ለምን አያስቆምም?» ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህን ሳየው ሳቄ መጣ፣ እኔም ከመስራቴ በፊት እንዳንተው ነበር የማስበው። «የውጭ ታዛቢዎች ጣቢያ ላይ ቆመው ችግር እያዩ ለምን ዝም ይላሉ፣ ታዲያ ጥቅማቸው ምኑ ላይ ነው» ነው ያልከው አይደል። በ2002ቱ ምርጫ ጎጃም ውስጥ ለአውሮፓ ህብረት ታዛቢዎች አስተርጓሚ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ወረዳውን ልተወው። ረዘም ይላል ታገሰኝ።

ማስቆም አይፈቀድላቸውም። ገና ሲመጡ የሚነገራቸው ይሄ ነው፣ ታያለህ፣ ትጠይቃለህ፣ ትጽፋለህ፣ አለቀ። ኮሮጆም ወረቀትም አትነካም፣ ምክርም አትሰጥም። አንድ ጣቢያ ላይ አስፈጻሚው የሆነ ነገር ግራ ገብቶት የኔዋን ፈረንጅ «እንዴት ላድርግ» ብሎ ጠየቃት፣ መልሱን እሷም እኔም እናውቀዋለን፣ ግን «መመሪያውን ይይ በለው» አለችኝ። ሰውየው እስከዛሬ የኮራችበት ነው የሚመስለው።

ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚንቀሳቀሱት፣ ከተለያየ አገር፣ ከነሱ ጋር ሹፌርና አስተርጓሚ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት አንድ ጣቢያ ደርሰው ባዶ ኮሮጆ ለሰው ታይቶ ሲታሸግ ያያሉ፣ ከዛ ቀኑን ሙሉ ከጣቢያ ጣቢያ መዞር ነው፣ አንዱ ጋ ግማሽ ሰዓት ቢቆዩ ነው። ፎርም አላቸው፣ የፓርቲ ወኪል አለ ወይ፣ ያኔ ከነዋሪው የሚመረጡት የሕዝብ ታዛቢዎች አሉ ወይ፣ ምልክት የሚደረግበት ቦታ ተጋርዷል ወይ፣ ታጣቂ አለ ወይ ምናምን። አገር ላይ ያለው ጣቢያ ከ43 ሺህ በላይ፣ የህብረቱ ታዛቢዎች 170፣ አንተው አስላው።

ደሞ መኪናዋ አርማ ያላት ነጭ መኪና ናት፣ ከሩቅ ትታያለች፣ እኛ አቧራ ለብሰን እስክንደርስ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። አንዱ ጣቢያ ስንወርድ ሚሊሻው ራቅ ብሎ ዛፍ ስር ተቀምጧል፣ ወንበሩ ግን በሩ ላይ ባዶውን ቀርቷል። ፈረንጇ ነቄ ናት፣ የማን ወንበር ነው ብለህ ጠይቅልኝ አለች። «የእንግዳ ነው» አሉ። እሷም ሄዳ ቁጭ አለችበት፣ ፎርሟንም እዛው ሆና ሞላች። ታጣቂ አለ ወይ የሚለው ጋ ምን እንደጻፈች አላሳየችኝም።

እኔን በጣም የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ሰልፍ ላይ ያሉ አንድ አባት ሹክ አሉኝ፣ «ልጄ ለነዚህ ሰዎች ንገርልን፣ እኛኮ የመረጥነው ቡና ስንጠጣ ነው»። አንድ ለአምስቱን ማለታቸው ነው፣ አንድ ሰው አምስት አምስት ጎረቤት ይዞ ማንን እንደሚመርጡ የሚከታተልበትን ጥርነፋ። እስቲ አንተ ጥርነፋን በእንግሊዝኛ ንገረኝ! እኔ አስር ደቂቃ አስረዳኋት፣ እሷም ሰማችኝ፣ ፎርሙ ላይ ግን ለዛ የሚሆን ሳጥን የለም፣ ፎርሙ የሚጠይቀው ዛሬ እዚህ የሚያስፈራራ ሰው አለ ወይ ብሎ ነው። ዛሬማ ማን ያስፈራራል፣ ስራው ካለቀ ቆይቷል። ዳርቻው ላይ ጻፈችው። ለዚህ ነው ሳምንታት ቀድመው የሚመጡ የረጅም ጊዜ ታዛቢዎች ያሏቸው፣ የምርጫ ቀን ብቻ የሚመጣው ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ማታ ቆጠራ። ክፍሉ የሶስተኛ ክፍል ነው መሰለኝ ሰሌዳው ላይ የማባዛት ሂሳብ አለ፣ ፋኖስ በርቶ ወረቀት አንድ በአንድ እየተነሳ ይነበባል፣ ንብ፣ ንብ፣ ንብ፣ የያኔው ገዢ ፓርቲ የኢህአዴግ ምልክት ማለት ነው። ሻይና ዳቦ መጣ፣ ፈረንጆቹ ምንም ነገር አይቀበሉም ደንብ ነው፣ እኔ ዞር ብዬ በላሁ አልዋሽም። አንድ ነገር ልብ በል፣ በሌሊት መኪና መንዳት ስለተከለከልን ለቆጠራ የመረጥነው ለከተማው የቀረበውን ጣቢያ ነበር፣ ገጠሩ ውስጥ ምን እንደተቆጠረ እኛ አላየንም።

ጥቅማቸው እንግዲህ ያ ፎርም ነው። ፎርሙ ከሌላው ፎርም ጋር ይደመርና ሪፖርት ይሆናል። የ2002ቱ ሪፖርት ቀኑ ሰላማዊ ነበር አለ፣ ግን ሜዳው እኩል አልነበረም፣ ከጣቢያ የወጣውና በላይ የተመዘገበው ውጤት የማይገጥምበት ቦታም ነበር አለ። ገዢው ፓርቲ ከነአጋሮቹ ከ547 ወንበር 545 የወሰደበት ምርጫ ነው እንግዲህ። የቡድኑ መሪ ታይስ በርማን የመጨረሻውን ሪፖርት አዲስ አበባ መጥቶ እንዳያቀርብ ስለተከለከለ ብራስልስ ላይ ነው ያወጣው። በ1997ም የያኔዋ የህብረቱ ታዛቢዎች መሪ አና ጎሜዝ መግለጫ ስታወጣ መለስ ጋዜጣ ላይ ረጅም ደብዳቤ ነው የጻፉባት። ዝም የሚሉ ሰዎች ቢሆኑ ይሄ ሁሉ ለምን ይመጣል?

ደሞ ካልተጋበዙ አይመጡም፣ ተጋብዘውም ካልተስማሙ ይቀራሉ፣ በ2013 የአውሮፓ ህብረት በመገናኛ መሳሪያዎችና በሌሎች ጉዳዮች ከመንግስት ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ሰረዘው፣ የአፍሪካ ህብረት ቡድን ግን በቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዝዳንት በኦባሳንጆ መሪነት ታዝቧል።

ጥያቄህ መጨረሻ ላይ የፓርቲ ወኪል ልሁን ወይ ብለህ ነበር። ሁን፣ አንተ እንደ ፈረንጁ እጅህ አልታሰረም፣ እዛው አቤቱታ ታስመዘግባለህ፣ ውጤቱ ላይም ትፈርማለህ። ብቻ ባትሪና እራት ይዘህ ሂድ፣ እኛ የነበርንበት ጣቢያ ላይ የተቃዋሚው ወኪል ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ርቦት ወጥቶ እዛው ቀረ።