ባህር ዳር ወደ መራዊ ስትመጣ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከባህር ዳር ዙሪያ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ከተማዋ እየሰፋች ነው፣ እኛ ደግሞ ዳር ላይ ነን፣ ምን እናድርግ ይላሉ። ዛሬ ከእነሱ የተወሰኑትን አነሳለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ፣ ጉዳዩ ስለሚገባው ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው መራዊ ነው፣ ሥራዬ ባህር ዳር። ጠዋት ሚኒባስ ይዤ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። መሸንቲን አልፈን ወደ ከተማው ስንጠጋ መንገዱ ግራና ቀኙ ቤት እየሆነ መጥቷል። መኪናውም ሰዉም ባጃጁም ጋሪውም በአንድ አስፋልት ላይ ነው። ጓደኞቼ «ባህር ዳርና መራዊ ወደፊት አንድ ከተማ ይሆናሉ» ይሉኛል። ደስ ይበለኝ ወይስ ልስጋ? የእኛ ማዘጋጃ ቤት ከባህር ዳር ጋር መነጋገር አለበት? ቢነጋገርስ ስለ ምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መነጋገር አለበት። ያውም አሁን፣ መሬቱ ላይ ገና ምንም ሳይቆም።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚያስተዳድር እንይ፣ ግራ የሚያጋባው እዚያ ላይ ነውና። ከመራዊ ባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች መንገድ ላይ በየቀኑ ስንት አስተዳደር እንደምታቋርጥ አስበኸው ታውቃለህ? መራዊ የራሷ ማዘጋጃ ቤት አላት። ከእሷ ስትወጣ የገጠር ቀበሌ ነው፣ በወረዳ ሥር። መሸንቲ ደግሞ እንደ ዘጌና እንደ ጢስ ዓባይ የባህር ዳር ሳተላይት ከተማ ናት፣ ማለትም ራቅ ብላ ያለች ግን በባህር ዳር አስተዳደር ሥር የሆነች ትንሽ ከተማ። በዙሪያዋ ያለው እርሻ የባህር ዳር ዙሪያ ወረዳ ነው። ከዚያ ከተማው ይመጣል። መንገዱ ራሱ ግን ከእነዚህ የአንዳቸውም አይደለም፤ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋና መንገድ ስለሆነ ጉዳዩ የፌዴራል መንገድ አስተዳደር ነው። ስለዚህ የእናንተ ማዘጋጃ ቤት በገዛ ከተማው መሃል በሚያልፈው አስፋልት ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ልሥራ ቢል እንኳ ብቻውን ወስኖ የሚሠራው ነገር አይደለም። አንተ ግን ይህን ሁሉ አታየውም። ለአንተ አንድ መንገድ ነው፣ አንድ ጠዋት ነው።

በወጣትነቴ ፕላን ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ ቀን ሁለት ጎረቤት ከተሞች ለየብቻ ያሠሩትን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋነው። የአንዷ ሰፊ መንገድ፣ 30 ሜትር የተያዘለት፣ ወሰኑ ላይ ሲደርስ በሌላዋ ካርታ ላይ የሚጠብቀው የትምህርት ቤት ግቢ ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁለቱም ካርታ በባለሙያ የተሠራ ነው፣ ለየብቻ ሲታይ እንከን የለበትም፣ ግን ሲሠራ አንዱ ሌላውን አልጠየቀም። ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ተሠርቶ ስለነበር መንገዱ ተጣመመ። ያቺን መታጠፊያ ባለፍኩ ቁጥር ያ ጠረጴዛ ትዝ ይለኛል። አንድ ቀን ተቀምጦ መነጋገር ይበቃ ነበር።

ስጋትህንም አልንቀውም። ትልቅ ከተማ ሲመጣ ትንሹ ይዋጣል ብሎ መፍራት ከሜዳ የመጣ አይደለም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ሲሰማ ከባድ ተቃውሞ ተነሳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ በጥር 2008 ፕላኑ ተሰረዘ። የዚያ ጉዳይ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ፖለቲካውም የራሱ ነው፣ እዚህ አልገባበትም። ለእኛ የሚሆነውን ብቻ ልንገርህ፦ መሬቱ የሚነካበት ሰው ስለ ፕላኑ መስማት ያለበት ካርታው ካለቀ በኋላ አይደለም። ይህ ደግሞ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ሰዎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል።

ስለ ምን ይነጋገሩ ላልከው፣ እኔ ብሆን ከቆጋ የመስኖ ግድብ እጀምራለሁ። ብዙ ሰው ስለ መንገድ ብቻ ያስባል፣ ለመራዊ ግን ቆጋ ይቀድማል። ግድቡ የተሠራው ወደ 7,000 ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲያለማ ነው። ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ፈሶበታል፣ ገበሬውም ከቦዩ ጋር ኑሮውን አስተካክሏል። ያ መሬት ለጥ ያለ ነው፣ ውኃ አለው፣ ለከተማ ቅርብ ነው። ለስንዴና ለሽንኩርት የሚመች መሬት ለቤት ሠሪም ይመቻል። ችግሩ ይኸው ነው። ባህር ዳር መስፋቷ አይቀርም፣ መራዊም ታድጋለች፣ ሁለቱ ግን የትኛው መሬት እንዳይነካ አስቀድመው ካልተስማሙ ቤቱ የሚሄደው ሜዳውን ተከትሎ ነው። አንድ ጊዜ ኮንክሪት የፈሰሰበት የመስኖ መሬት ደግሞ ተመልሶ እርሻ አይሆንም። ይህን ስጽፍ ሆዴ ይረበሻል፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ መንገዱ ይመጣል። ዋናው መንገድ ወደፊት ቢሰፋ ስንት ሜትር ያስፈልገዋል? ያንን ዛሬ በሁለቱም ወገን ካርታ ላይ አስገብቶ ባዶ ማቆየት ነው። ዛሬ ባዶ ማቆየት ወጪው ትንሽ ነው፣ ነገ ቤት አፍርሶ ካሳ መክፈል ግን ማዘጋጃ ቤቱን ያደኸያል፣ ሰዉንም ያስለቅሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። የጎርፉም ነገር አለ። ባህር ዳር ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ውኃው በቀላሉ አይሄድላትም፤ ከላይ ያለው ሁሉ ቦዩን ወደ ታች ለቆ «የእኔ አለቀ» ካለ የታችኛው ሰፈር ክረምቱን ውኃ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው፣ ከዚያ የቀረው ቆሻሻ ጣና ውስጥ ይገባል። ጣናና ዙሪያው ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር፣ ማለትም ሰውም ተፈጥሮም ተጠባብቀው እንዲኖሩበት የተለየ ቦታ ነው።

መነጋገር ማለት መጠቅለል አይደለም። በእኛ አገር ወንፈል አለ አይደል? ዛሬ የአንተን ማሳ እናርማለን፣ ነገ የእኔን። ማሳው ግን ያው የአንተ ነው፣ ምርቱም የአንተ። ከተሞችም እንዲህ መሥራት ይችላሉ። በፈረንሳይ ሊዮንና በዙሪያዋ ያሉ ከሃምሳ በላይ ከተሞች ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ መንገድ፣ ውኃና ቆሻሻ ማንሳት ያሉ ሥራዎችን በጋራ ይሠራሉ፣ ግን እያንዳንዱ እስከ ዛሬ የራሱ ከንቲባ አለው። እኛ ከዚያ ባነሰ ነገር መጀመር እንችላለን። የመራዊ ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለቱ ወረዳዎች፣ የባህር ዳር ከተማ አስተዳደርና የፌዴራሉ መንገድ አስተዳደር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። በየስንት ጊዜው እንደሚገናኙ ይወስኑ። የተስማሙበትን በመግባቢያ ሰነድ ይፈርሙ፣ አለበለዚያ ኃላፊ ሲቀየር ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል።

አንተስ ምን ታደርጋለህ? ማዘጋጃ ቤት ሄደህ የከተማህን መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም ከተማው ወደፊት በየት በኩል እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳየውን ዋና ፕላን አሳዩኝ በል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው። የመራዊው መቼ ጸደቀ? መቼ ያበቃል? የሚከለስበት ጊዜ ከቀረበ የምትናገርበት ሰዓት ያ ነው። ብቻህን አትሂድ። አብረውህ በሚኒባስ የሚመላለሱትን ይዘህ ሂድ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ከመሸንቲ ባህር ዳር እመላለሳለሁ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ግን መኪና መቀያየሩ ገደለኝ። ባጃጁ ከዚህ አላልፍም ይላል፣ ታክሲው ከዚያ ወዲያ ነው መስመሬ ይላል። ሲመሽ ደግሞ ዋጋው በእጥፍ ነው። ይህን ማን ያስተካክለዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ባጃጁ ላይ አትፍረጂ። ስምሪቱ እዚያ ድረስ ነው የተሰጠው፣ ካለፈ ይቀጣል። ስምሪት የሚሰጠው በአስተዳደር ወሰን ነው፣ አንቺ የምትሄጂው ግን በትምህርት ቤት ሰዓት ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። መፍትሔው ከባድ ምሕንድስና አይፈልግም። የከተማውና የወረዳው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች አንድ የጋራ መስመር ያውጡ፣ ታፔላው ከመሸንቲ እስከ መሃል ከተማ የሚል ይሁን፣ ታሪፉም አንድ ላይ ይወሰን። መቀያየር ግድ ከሆነም መቀየሪያው ቦታ ጥላ ያለውና መብራት ያለው ይሁን። ሴት ልጅ በምሽት ጨለማ ውስጥ አስፋልት ዳር ቆማ መኪና ስትጠብቅ ማየት ያሳዝነኛል፤ አንድ የመብራት ምሰሶ እኮ ነው።

ሌላም ልጨምርልሽ። ባህር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፣ ሜዳ ስለሆነች ይመቻል። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው፣ ለእግረኛና ለብስክሌትም መንገድ ተለይቶለታል። በጣም ደስ የሚል ነው። ግን የብስክሌት መንገድ ከተማው ሲያልቅ አብሮ ካለቀ ለመሸንቲ ልጅ ምን ይጠቅማታል? በዋናው መንገድ ዳር እስከ እናንተ ድረስ ቢቀጠል ጠዋት በራስሽ ብስክሌት ትሄጂ ነበር። ስትጠይቁ ይህንንም ጠይቁ። ጥያቄው በአንድ ተማሪ ስም ሳይሆን በተማሪዎች ኅብረት በኩል፣ በጽሑፍ፣ ለሁለቱም ጽሕፈት ቤት በአንድ ቀን ይግባ። ለአንዱ ብቻ ካስገባችሁት «እሱ የእነዚያ ነው» ይባላል።

ጥያቄ፦ እኔ ገበሬ ነኝ፣ እርሻዬ ከከተማው ወሰን ብዙም አይርቅም። ደላላ በየሳምንቱ ይመጣል። «ከተማው ሊወስደው ነው፣ ካሳው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ሳይወስዱብህ ለእኔ ልቀቀው» ይለኛል። ልጆቼም ሽጠው እያሉኝ ነው። አረንጓዴ ደብተሬ፣ የይዞታ ማረጋገጫዬ፣ በእጄ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ ደብተርዎን ለማንም አይስጡ። ፎቶ ኮፒውንም ቢሆን ለደላላ አይስጡ።

መሬት በአገራችን አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ እንዲህ ይላል። ስለዚህ ደላላው የሚያመጣልዎት ውል ምስክር ቢፈርምበትም ሕግ ፊት ሲቀርብ አይቆምም። የሚገዛው ሰው በሌሊት የጨረቃ ቤት ያቆማል፣ ነገ ግሬደር ይመጣል፣ እሱም ከሰረ፣ እርስዎም መሬቱ ከእጅዎ ወጣ። ያገኙት ብር ደግሞ ልጅ ተድሮበት፣ ሞተር ተገዝቶበት በሁለት ዓመት ያልቃል። ይህንን በዓይኔ ያየሁት ነው።

መሬቱ በእርግጥ ለልማት ቢፈለግ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታው አስቀድሞ እንዲነገረውና እንዲወያይ፣ መሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለመነሳቱ ካሳ እንዲከፈለው፣ ቅር ካለውም አቤት እንዲል ያዛል። አዋጁ በ2016 ተሻሽሏል፣ ስለዚህ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው የተሻሻለውን ያስነብቡ። የአቤቱታ ጊዜ አጭር ነው፣ ደብዳቤ ከደረሰዎ የደረሰበትን ቀን ጽፈው ይያዙ። ቋሚ ተክል ካለዎት፣ ጉድጓድ ካለዎት፣ አጥር ካለዎት ከአሁኑ ያስመዝግቡ።

ደላላው ስለ ከተማው የሚያወራው እውነት መሆኑንስ በምን ያውቃሉ? ወረዳውን ይጠይቁ፣ ከተማ አስተዳደሩንም ይጠይቁ፣ ሁለቱንም። የተለያየ መልስ ከሰጡዎት ደላላው የሚኖረው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ከላይ ለመራዊው ልጅ ሁለቱ አስተዳደሮች አንድ ካርታ ይኑራቸው ያልኩት ለእርስዎም ጭምር ነው። ካርታው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ገበሬው እርሻው የት እንዳለ በጣቱ ቢያሳይ፣ የደላላ ወሬ ማን ይሰማል?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ከባድ መኪናው ሁሉ በከተማው መሃል ነው የሚያልፈው። ከከተማው ውጭ ማለፊያ መንገድ ቢሠራ አይሻልም?

መልስ፦ ይሻላል፣ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ማለፊያ መንገዱ የሚያልፈው ከከተማው ወሰን ውጭ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው፣ ያንን መሬት የሚያስተዳድረው ደግሞ ወረዳው ነው። ወረዳው አብሮ ካልፈረመ መንገዱ በተከፈተ ማግስት ዳር ዳሩን ሻይ ቤት፣ ጎሚስታ፣ ጋራዥ ይሰለፍበታል። ከዚያ ሰው ይሰፍራል፣ ሕፃናት ይሻገራሉ፣ ማለፊያ የተባለው መንገድ ሌላ መሃል ከተማ ይሆናል፣ ሁለተኛ ማለፊያ ፈልጉ ትባላላችሁ። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ከመንገዱ ምን ያህል ርቆ ቤት እንደሚሠራ፣ መግቢያና መውጫው የትና የት ብቻ እንደሚሆን ከተማውና ወረዳው ይስማሙ። ለሹፌሮቹም ማረፊያ ቦታ አንድ ላይ ይመረጥላቸው፣ ሹፌር መብላትና መተኛት አለበት፣ ቦታ ካልተሰጠው ራሱ የሚመርጠው መንገድ ዳርን ነው።