ለገስት ሃውሱ ጥያቄ፦ የኔትወርክ ኬብሉን በመብራቱ ቱቦ አታሳልፈው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፤ በአጭሩ የሚመለስ ስላልመሰለኝ ለዛሬ አሳደርኩት። ላላየው ሰው፦ ልጁ ከቴክኒክና ሙያ ከተመረቀ ገና ዓመቱ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ የአንድ ባለ 12 ክፍል ገስት ሃውስ የኔትወርክ ዝርጋታ አግኝቷል። ባለቤቱ «ግድግዳዬን አትቦርቡርብኝ፣ ኬብሉን በመብራቱ ቱቦ ውስጥ አሳልፈው» ብለውታል። ጀርባ ያለው ሰርቪስም ዋይፋይ እንዲደርሰው ይፈልጋሉ። «ችግር አለው ወይ? ሌላስ ምን ልጠንቀቅ?» ነው ያለው።

ችግር አለው። አታሳልፈው። ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ ቢሉህም አታሳልፈው።

ብዙ ሰው የሚከለክልህ «ሲግናሉን ይረብሸዋል» እያለ ነው። መረበሹ እውነት ነው፣ ግን ትንሹ ጣጣ እሱ ነው። የኔትወርክ ኬብል ልባስ ከ220 ቮልት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ እንዲያድር ተብሎ አልተሠራም። ስትጎትተው ይፋተጋል፤ የመብራቱ ፌዝ (ኃይል ያለበት ሽቦ) አንድ ቦታ ተልጦ የአንተን ኬብል ከነካ ስዊቹም (የኔትወርክ ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት መሣሪያ)፣ ራውተሩም፣ እንግዳው የሰካው ላፕቶፕም ፌዝ ሆኑ ማለት ነው። ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ካላገኘ ብሬከሩ እንኳ አይወድቅም። ሰው እስኪነካው ይጠብቃል።

በወሬ የሰማሁት አይደለም። 2010 መስከረም ላይ ሽምብጥ አካባቢ «ኢንተርኔት ይቆራረጣል» ተብዬ ተጠራሁ። ሌላ ሰው ዘርግቶት የሄደው ነው። ኮርኒስ ውስጥ ልገባ መሰላሉ ላይ ወጣሁና እንዲያው በልማድ ቴስተር ካቻቪቴዬን (መብራት ያለበትን ብረት ሲነካ የምትበራ አምፖል ያለችውን) የቆርቆሮው ጫፍ ላይ አስጠጋሁት። ውስጧ ያለችው አምፖል ቀላች። የጣቴ ላብ ይሆናል ብዬ ሸሚዜ ላይ ጠራርጌ ደገምኩት። ቀላች። ከታች የቤቱ ልጅ «ምን ሆንክ?» ትለኛለች፤ እኔ መሰላሉ ላይ ደርቄ ቀርቻለሁ። ዋናውን ብሬከር አስጠፍቼ ስገባ የመብራቱ ሽቦና የኔትወርኩ ኬብል በአንድ ስትራፕ ተጠፍረው፣ ቆርቆሮውን ከሞራሌው ጋር በያዘው ሚስማር ጫፍ ላይ ተንጠልጥለዋል። ንፋስ ቆርቆሮውን ባንቀሳቀሰው ቁጥር ሚስማሩ ሁለቱንም ሲበላቸው ከርሟል። ከዚያው ቆርቆሮ ጋር ደግሞ የግቢው ልብስ ማስጫ ሽቦ ታስሯል። እርጥብ አንሶላ የሚሰጣበት!

ስለዚህ ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ ከቦርሳዬ የሚወጣው ቴስተር ነው። ቆርቆሮውን፣ የብረት በሩን፣ ሳጥኑን፣ የምነካውን ብረት ሁሉ አስቀድሜ አየዋለሁ። ቴስተሩን ራሱን ደግሞ መብራት እንዳለው በምታውቀው ሶኬት ሞክረህ ጀምር፤ የተበላሸ ቴስተር «የለም» እያለ ይገድልሃል። አንዳንዴ አምፖሏ አቅራቢያ ካለ ሽቦ በሚመጣ ኢንዳክሽን ብቻ ደብዘዝ ብላ ልትበራ ትችላለች፤ መልቲሜትር (ቮልቴጅ መለኪያ) ከሌለህ ግን መብራት እንዳለው ቁጠረው።

ብሬከር አጥፍተህም ዝም ብለህ ኮርኒስ ውስጥ አትግባ። አንድ ቤት ሠራተኛዋ ሽሮ ጥዳ ኖሮ «ወድቆብን ነው» ብላ አነሳችው፤ እኔ ውስጥ ነኝ። የእሷ ጥፋት አልነበረም፣ የነገራት የለም። አሁን ብሬከሩን በናስትሮ አሽገዋለሁ፣ ወረቀት እለጥፍበታለሁ፣ የሳጥኑ ቁልፍ ካለ ኪሴ ይገባል። ቆጣሪውንና ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመር ግን ጨርሶ አትንካ፤ እሱ የመብራት ኃይል ሰዎች ሥራ ነው።

ለባለቤቱ በቃል ከምትከራከር የሠራኸው ቤት ፎቶ አሳያቸው። ነጭ የፕላስቲክ ትራንኪንግ (ግድግዳ ሳይቦረቦር ገመዱ ውስጡ የሚሄድበት ቦይ) በኮርኒሱ ጥግ ተስተካክሎ ሲሄድ ቀለም እንጂ ገመድ አይመስልም። ከመብራት መስመር ጎን ለጎን መሄድ ግድ ከሆነ እኔ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር አርቃለሁ፤ መሻገር ካለብህ ደግሞ መስቀለኛ፣ በ90 ዲግሪ ተሻገረው። ብሎኬት ስትበሳ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይ፣ በታች፣ በግራና በቀኝ ባለው ቀጥታ መስመር ላይ ድሪል አታሳርፍ፤ የመብራቱ ቱቦ የሚያልፈው በዚያ ነውና። ኮርኒስ ውስጥም የምትረግጠው ሞራሌውን ነው። እኔ አንዴ ቺፑዱን ረግጬ አንድ እግሬ ሳሎን ውስጥ ወርዷል፤ የቤቱ ሰዎች ምሳ ላይ ነበሩ። ደግሞ በጠዋት ግባ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ የባሕር ዳር ቆርቆሮ ሥር ምጣድ ነው።

ርቀቱን በዓይን አትገምት። ከስዊች እስከ መሣሪያው ጠቅላላ 100 ሜትር ነው ገደቡ፤ 90 በግድግዳ ለሚሄደው፣ 10 ለሁለቱ ጫፍ አጫጭር ገመዶች። ሽቅቡና ቁልቁለቱ ሁሉ ይቆጠራል። ብዙውን ጊዜ ኬብሉ ላይ በየሜትሩ ቁጥር ታትሟል፤ መነሻውንና መድረሻውን አንብበህ ቀንስ። ሲጎትቱት ሁለት ሰው አይንጠላጠልበት፣ ወደ 11 ኪሎ ገደማ ክብደት ከሚስበው በላይ መሳብ የለበትም። ኬብሉ ካት 6 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ጥግ ላይ ሲታጠፍ ራዲየሱ ከ3 ሳንቲሜትር አይነስ። አርጄ 45 (የኬብሉን ጫፍ መሰኪያ) ስታስር ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙትን ሽቦዎች ጥምዝ ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍታው። የሽቦዎቹን የቀለም ቅደም ተከተል ታውቀዋለህ፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን፣ አበቃ።

ገበያ ላይ ተጠንቀቅ። ርካሹ ኬብል ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቃት፤ ውስጧ ነጭ ከሆነ ተወው። ካርቶኑም ሲያነሱት ይቀላል። አክሰስ ፖይንቶቹን (ዋይፋይ የሚያሰራጩትን መሣሪያዎች) በኬብሉ በኩል ኃይል ልትሰጣቸው ከሆነ (ፒኦኢ ማለቴ ነው) አልሙኒየሙ የበለጠ ይሞቃል፣ ጫፉም ቶሎ ይሰበራል። የዋጋውን ልዩነት ለባለቤቱ በግልጽ ንገራቸው፣ ምርጫው የእሳቸው ይሁን። «አንዱን ገዝተህ ሌላውን ጻፍልኝ» ካሉህ ግን ውጣ።

አሁን ሰርቪሱ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ በአየር ላይ የመዳብ ኬብል ዘረጋሁ፣ ያውም በመሃል ዘንባባ ላይ አስሬ። ዘንባባው ሲወዛወዝ ልባሱን እንደ ሞረድ ፋቀው። ሐምሌ ላይ መብረቅ ሲወርድ፣ ግቢው ላይ እንኳ አልወደቀም፣ አቅራቢያ ነው፣ የስዊቹ ወደቦች (የኬብል መሰኪያዎቹ) በሙሉ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ሁለት ቤት ሁለት የተለያየ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) ነው፤ መብረቅ ሲመጣ በመካከላቸው የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት የአንተን ኬብል ድልድይ ያደርገዋል። የስዊቹን ዋጋ ከኪሴ ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ ቤት ከቤት የማገናኘው በፋይበር (መልእክቱን በብርሃን በሚያሻግር የብርጭቆ ገመድ) ብቻ ነው፣ ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያሻግርም። ግን ልብ በል፦ በአየር የሚሰቀለው ፋይበር ብዙ ጊዜ ማንጠልጠያ የብረት ሽቦ አለው። ብረቱን ግድግዳው ላይ ማሰሪያው ጋ ቆርጠህ አስቀረው፣ ቤት ውስጥ አይግባ።

ፋይበር የራሱ ጣጣ አለው። ጫፉን በዓይንህ አትመልከት፤ ከቴሌ የሚመጣው ብርሃን 1490 ናኖሜትር ነው፣ አይታይም። ስላልታየ የለም ማለት አይደለም፤ መለኪያ ይዘህ ለካ። ስትቆርጠው የሚወድቀው ስባሪ ከፀጉር ይቀጥናል፣ ቆዳ ውስጥ ከገባ አይገኝም። እኔ ባዶ ሃይላንድ ይዤ እሄዳለሁ፣ ስባሪው ሁሉ እሱ ውስጥ ይገባና ክዳኑ ይጠብቃል። እጅህን ሳትታጠብ ደግሞ ቆሎ አትዝገን። የእንግዳ ክፍል ምንጣፍ ላይ ከሠራህ ከሥርህ ጥቁር ጨርቅ አንጥፍ፤ ልጆች በባዶ እግር ነው የሚሮጡት።

ውሃን አትርሳ፣ ሐይቁ ዳር ነህ። ከውጭ ወደ ቤት የሚገባ ኬብል ከመግቢያው ቀዳዳ በታች ጎበጥ ብሎ ወርዶ ነው ሽቅብ መግባት ያለበት፤ ዝናቡ ከጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል። ቀጥ ብሎ ከላይ ከገባ ውሃው ኬብሉን ተከትሎ ይገባል። ልባሱ በፀሐይ ከተሰነጠቀ ደግሞ በኬብሉ ሆድ ውስጥ ይሄዳል፤ ሰው ላያምነኝ ይችላል፣ እኔ አርጄ 45ን ነቅዬ ጫፉ ላይ የውሃ ጠብታ አይቻለሁ። ስዊቹ ወደቡ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር። ለውጭ ጥቁሩን፣ ፀሐይ የሚችለውን ግዛ።

ጥገናውን ከአሁኑ ተዋዋል። ግንቦት ላይ ክረምት ሳይገባ አንዴ፣ ጥቅምት ላይ አንዴ። ማሰሪያ ላልቷል ወይ፣ አይጥ በልቷል ወይ፣ ሳጥኑ ውስጥ ጉንዳን ሰፍሯል ወይ፣ እሱን ማየት ነው። በእያንዳንዱ ኬብል ሁለት ጫፍ ላይ የክፍሉን ቁጥር ለጥፍ፣ ሳጥኑ ጋ ሁለት ሦስት ሜትር ትርፍ ጠቅልለህ ተው፣ የትኛው በየት እንዳለፈ ወረቀት ላይ ሥለህ ሳጥኑ በር ውስጥ አስቀምጥ። ሽምብጥ ላይ እንደዚያ ዓይነት ወረቀት ቢኖር ኖሮ ግማሽ ቀን አልፈልግም ነበር።

የሰርቪሱን ጣሪያና በመሃል ያለውን ግቢ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልን፣ የመብራት ምሰሶው የት እንዳለም ይታይ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ካስፈለገ መጥቼ አብረን እናየዋለን። መሰላል ግን አንተ አምጣ፤ የእንጨት ይሁን፣ የብረቱን እዚያ ምሰሶ ሥር አላቆመውም።