«ልጄ፣ አንቺም ይሰማሻል ወይ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከጀመርኩ ገና 4 ወሬ ነው። ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ አንድ ታካሚ አሉ፤ ጣና ላይ ዓሣ እያጠመዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሐይቁ ውስጥ ሰዎች በስማቸው እየጠሩ «ና፣ ግባ» እንደሚሏቸው ይናገራሉ። በቀደም «ልጄ፣ አንቺም ይሰማሻል ወይ?» አሉኝ። ደነገጥኩና «አባባ፣ ምንም ድምፅ የለም፣ አይዞዎት፣ ይድናሉ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ዝም ብለውኛል። ስጠይቃቸው «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብቻ ነው። ባልደረባዬ «ብዙ አታውሪያቸው፣ ክኒኑን ስጪና ውጪ» ይለኛል። ራሳቸውን ሊያጠፉ አስበው እንደሆነ መጠየቅም ፈራሁ፤ ያላሰቡትን እንዳላሳስባቸው ብዬ። ምን ብል ይሻል ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የመጨረሻውን ልመልስልሽ። ድምፁ «ና፣ ግባ» የሚላቸው ከሆነ ነገሩ ለነገ አይባልም። ዛሬውኑ ጠይቂያቸው። «ድምፁ ግባ ሲልዎት ምን ያደርጋሉ? እሺ ብለው ወደ ውኃው ሄደው ያውቃሉ? ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» በይ፣ በግልጽ፣ ድምፅሽን ሳትቀይሪ። መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አይተክልም። እንዲያውም ብዙ ሰው ለብቻው የተሸከመውን ነገር አንድ ሰው ስሙን ጠርቶ ሲጠይቀው ቀለል ይለዋል። መልሳቸውን ካርዱ ላይ ጻፊ፣ ለሐኪሙና ለሌሊት ተረኛዋ ደግሞ በቃልሽ ንገሪ። «ለማንም እንዳትነግሪ» ካሉሽም ቃል አትግቢ። «ሕይወትዎን የሚመለከት ከሆነ ለሐኪሙ መንገር አለብኝ» ማለት ያስከፋቸው ይሆናል፣ ግን እውነት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያቸው። ይህ ድምፅ ለሳቸው ሐሳብ አይደለም፣ የኔና ያንቺ ንግግር እንደሚሰማቸው ሁሉ የሚሰማቸው ነገር ነው። ስለዚህ «የለም» ስትያቸው «ይዋሻሉ» እንዳልሻቸው ነው የሚቆጥሩት። «አዎ፣ እኔም ይሰማኛል» ማለትም አይሆንም፤ ውሸት ነው፣ ፍርሃታቸውንም ያጸናዋል። እኔ ብሆን «እኔ አይሰማኝም አባባ። እርስዎ ግን እንደሚሰማዎት አምናለሁ። ሲጠራዎት ያስፈራዎታል?» እል ነበር። ስለ ድምፁ መኖር አለመኖር መከራከር የትም አያደርስም፤ ስለ ፍርሃቱ ግን ሁለታችሁም ማውራት ትችላላችሁ።

«አይዞዎት» ስላልሽው ደግሞ ትንሽ ልቆይ። እኔ ይህን ቃል እወደዋለሁ፣ እናቴ ያሳደገችኝ በሱ ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። ሰው ገና መናገር ሲጀምር «አይዞህ» ካልነው «እዚህ ላይ ይብቃህ» እንዳልነው ይሰማዋል፣ የጀመረውን ይውጠውና ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀመጣል። ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ግን ያው ቃል እንደ እጅ ይይዘዋል። ተመስገንም እንዲሁ ነው። እኛ አገር «እንዴት አደሩ» ሲባል «ተመስገን» ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ባይኑ ያልዞረ ሰውም ተመስገን ይላል! ከተመስገን ቀጥሎ ያለውን ጠይቂ። «ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ነቁ? ከዚያ በኋላ ምን ሲያስቡ ነበር?» ካልሆነም ስለ ደንገል ታንኳቸው፣ ቆሮሶ ስለሚባለው ዓሣ ጠይቂያቸው። እሱ ወሬ ማብዛት አይደለም፣ ከሕመማቸው በፊት የነበሩትን ሰው መፈለግ ነው።

የኛ ሰው ጭንቀቱን በቀጥታ «ተጨነቅኩ» አይልም። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል» ይላል። ያን ጊዜ ወደ ማስታገሻ ከመሮጥሽ በፊት የራሳቸውን ቃል መልሺላቸው፦ «ባር ባር የሚልዎት መቼ መቼ ነው?» «ለምን» የሚለውን ግን ቀንሺው። በአማርኛ «ለምን እንዲህ አደረግህ» የአባት ቁጣ ነው የሚመስለው። «ምን ሆኖ ነው?» ይሻላል።

በደብዳቤሽ ውስጥ ደስ ያለኝ ነገር «አሉኝ»፣ «አልኳቸው» ማለትሽ ነው። ታመዋል ተብሎ ብቻ ትልቅ ሰው «አንተ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ያሳምመኛል። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል የነበረውን የአማኑኤልን ስም እንኳ መሰዳደቢያ አድርገነዋል። እንዲህ ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ወደ ክፍልሽ ሲገባ ክብሩን በር ላይ እንደጣለ ነው የሚሰማው። አንቱታሽ ሕክምና ነው።

ለባልደረባሽ ይህን ንገሪው። ሂልደጋርድ ፔፕላው የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በፈረንጆቹ 1952 ባሳተመችው መጽሐፍ በነርሷና በታካሚው መካከል ያለው ግንኙነት ራሱ የሕክምናው አካል እንደሆነ ጽፋለች። ክኒን ሰጥቶ መውጣት የሥራው ግማሽ ነው።

አሁን ተመለሽና ወንበር ስበሽ ጎናቸው ተቀመጪ፣ ከአናታቸው በላይ አትቁሚ። «አባባ፣ ያን ቀን ሳልሰማዎት ነው የመለስኩልዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ» በያቸው። ዝም ካሉ አብረሽ ዝም በይ። 10 ደቂቃ ይበቃል። ስትነሺ «ነገም በዚህ ሰዓት እመጣለሁ» በይ፣ ባልሽው ሰዓትም ተገኚ። እረፍት ከሆንሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እኔ አንዴ «ከሰዓት እመለሳለሁ» ያልኳትን ታካሚ ሥራ በዝቶብኝ ረስቻት ነበር፤ ሁለት ሳምንት ፊቷን አዞረችብኝ። አልፈረድኩባትም።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነው የምጽፍልዎት። ወንድሜ ለአእምሮ ሕመሙ ከሆስፒታል ክኒን ታዞለታል። ቤተሰቡ ጠበል ሊያስገባው ነው፣ «ከጠበል ጋር ክኒን አይሄድም» ይላሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጠበሉን ተዉ አልላችሁም። ክኒኑን ግን አታቋርጡበት። እንዲህ ያለ መድኃኒት በደንብ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፣ በድንገት ሲቆም ደግሞ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ጠዋት ሳይቀምስ የሚጠመቅ ከሆነ ሰዓቱ ወደ ማታ መዞር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። ካህኑንም በሰው በሰው ሳይሆን ራስሽ ሄደሽ አነጋግሪያቸው፣ «መድኃኒትህን እየወሰድክ ተጠመቅ» የሚሉ አባቶች አውቃለሁ። እባካችሁ በገመድም በሰንሰለትም አትሰሩት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ወንድምሽን ራሱን ጠይቁት፣ ስለሱ ሲመከር እሱም ይቀመጥ። ክኒኑ ሳያልቅ ቀደም ብላችሁ ባሕር ዳር ድረሱ፣ ጀልባ የሚቀርበት ቀን አይጠፋምና።