‹ይገባኛል ባይ› ስድብ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ የልብስ ስፌት መኪናዬ በወንድሜ ዕዳ ተይዞብኝ፣ የእኔ ነው ብዬ ለፍርድ ቤት አመለከትኩ። በመጣልኝ ወረቀት ላይ ስሜ ፊት ‹ይገባኛል ባይ› ተብሎ ተጽፏል። የራሴን ንብረት ጠይቄ እንደ ቀማኛ መቆጠሬ ነው? ለምን ‹ባለመብት› አላሉኝም?

መልስ፦ እህታችን፣ አልተሰደብሽም። ግን ለምን እንደከፋሽ ይገባናል። ጆሮሽን የቆረቆረው ‹ባይ› የሚለው ቃል ነው። ‹አዋቂ ነኝ ባይ› ሲባል ሰውየው አዋቂ አይደለም ማለት ነውና፣ ‹ይገባኛል ባይ› ሲባልም ያው ሐሜት ይመስላል። ነገር ግን ‹ባይ› ማለት ‹የሚል ሰው› ማለት ብቻ ነው። ጥርጣሬውን የሚያመጣው ‹ነኝ› ነው። ‹አለሁ ባይ ዘመድ› ስንል እኮ እያመሰገንን ነው፤ ‹ሃይ ባይ አጣ› ስንልም የሚገሥጽ ሰው ጠፋ ማለታችን ነው።

‹ይገባኛል›ን ደግሞ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ‹ገ› ሲላላ ‹እረዳዋለሁ› ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ግን ‹ለእኔ ተገቢ ነው፣ ድርሻዬ ነው›። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። የአንቺው የሚጠብቀው ነው፣ የ‹ተገቢ› ዘመድ።

እኛ በጣም የምንወደው ግን ሌላ ነገር አለው። ስለ አንቺ እየተጻፈ እንኳን ‹ይገባታል ባይ› አይባልም። ብዙ ሰዎች ቢሆኑም ‹ይገባኛል ባዮች› ነው። ከአፍሽ የወጣው ቃል ሳይነካ ስም ሆነ። ፍርድ ቤቱ እውነት ነው አላለም፣ ውሸት ነውም አላለም፣ ‹እሷ ይገባኛል ብላለች› ብሎ መዘገበልሽ። ‹ባለመብት› ቢልሽ ኖሮ ክርክሩን ሳይሰማ ፈረደ ማለት ነበር፤ መኪናውን ያስያዘው ሰውም ‹የፍርድ ባለመብት› የተባለው በወንድምሽ ላይ ስለተፈረደለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ‹ይግባኝ ባይ› ሌላ ሰው ነው። እሱ በተሰጠ ፍርድ ቅር ብሎት ወደ በላይ ፍርድ ቤት የሄደ ነው። ሁለቱን አደባልቆ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ማመልከቻሽን የሚጽፍልሽ ሰው እንዳይሳሳት ራስሽ እይው።

የአንቺ ዓይነት አቤቱታ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 418 እና ተከታዮቹ ላይ አለ። ማስረዳት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ‹የእኔ ነው› ማለት ብቻ አይበቃም፣ መኪናው በተያዘበት ቀን በላዩ ላይ መብት እንደነበረሽ ማሳየት አለብሽ። የገዛሽበትን ደረሰኝ ፈልጊ፤ ከጠፋም ስትገዢ የነበረውን ሰው በምስክርነት ቁጠሪ።