ውስጥ እግሬ ሌሊት ይቃጠላል፤ ልታሽ ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሰው ነኝ፤ ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመት ሆነኝ። ሐኪም ነርቭዎ ተጎድቷል ብሎኛል። የእግር ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ ማታ ማታ ውስጥ እግሬን በርበሬ እንደነካው ያቃጥለኛል። ወጌሻ አንገቴንና ወገቤን ቋ እያደረገ ያሸኛል፤ ሁለት ቀን ቀለል ይለኝና ተመልሶ ይመጣል። ወዳጆቼ ደግሞ ሶደሬ ሄደህ ፍል ውሃ ውስጥ ተዘፍዘፍ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ቀለል ማለቱ እውነት ነው። መታሸት የተወጠረ ጡንቻ ያላላል፣ እንቅልፍም ይጋብዛል። ስኳር የጎዳውን ነርቭ ግን አያድንም። ወገብ ቋ ማድረግም፣ በሠለጠነ የካይሮፕራክቲክ (አከርካሪን በእጅ እየገፉ የማከም) ባለሙያ እጅ እንኳ ቢሆን፣ ለወገብ ሕመም እንጂ ለእርስዎ እግር መድኃኒት አይሆንም። ስኳር ቀድሞ የሚጎዳው የረጃጅሞቹን ነርቮች ጫፍ ነው፤ ከእግር ጣት የጀመረብዎም ለዚህ ነው። አንገትዎን ግን ከእንግዲህ ማንም እንዳይጠመዝዝብዎ። አልፎ አልፎ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር ይሰነጠቅና ስትሮክ ያመጣል።

እግርዎን ቤት ውስጥ መታሸት ይችላሉ። አስቀድሞ በብርሃን ይታይ፤ ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ ወይም የቀላ ቦታ ካለ አይነካ። አንዱ ባት ብቻ አብጦ የሚሞቅና የሚያም ከሆነ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይታሹ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። የሚያሸው ሰው ጥፍሩን ይቁረጥ፣ ቀለበቱን ያውልቅ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቫዝሊን መዳፉ ላይ አሙቆ ከጣት ወደ ጉልበት፣ ለአንድ እግር 10 ደቂቃ ያህል፣ በስሱ ያሽ። በጣቶች መሃል ቅባት አይግባ፤ እርጥበቱ ቆዳውን ያላሽቀዋል፣ ፈንገስም ይከተላል። «ጠንከር አድርገው» አይበሉ፤ የደነዘዘ እግር ሲጎዳ አያስታውቅም። ሲያበቁ ውስጥ እግርዎን በደንብ ይጥረጉ፣ ወለል ላይ እንዳያንሸራትትዎ።

ወደ ሶደሬ ለመዝናናት ይሂዱ እንጂ እግርዎን ፍል ውሃው ውስጥ አይክተቱ። ሌላው ሰው «ፈጀኝ» ብሎ እግሩን በሚያወጣበት ውሃ የእርስዎ ሳይሰማዎት ይቃጠላል። ቤትም ቢሆን ውሃው ከ37 ዲግሪ አይብለጥ፤ ቴርሞሜትር ከሌለ በክርን ይለካ። የአዳማ የቀትር አስፋልትም ያው እሳት ነው፤ በባዶ እግር ከደጅ አይውጡ።

ስለ ክኒን፦ የተለመዱት ማስታገሻዎች ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይረዱም፤ ስኳር ያዳከመውን ኩላሊት ደግሞ ይጎዳሉ። የነርቭ ሕመም ስለሚያስታግሰው ክኒን፣ ስለ አሚትሪፕቲሊን፣ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ማታ በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚፈጅ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው እንዳይተዉት። የልብ ችግር፣ የዓይን ግፊት ወይም ሽንት የመከልከል ችግር ካለብዎ አስቀድመው ይንገሩት። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን ለዓመታት ወስደው ከሆነም ቫይታሚን ቢ12 ይታይልዎ፤ እጥረቱ ራሱ እግር ያደነዝዛል።

እግርዎ በድንገት ከዛለ፣ ሽንት ካመለጠዎ ወይም መቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘ ወጌሻም ማሳጅም ይቅርና ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።