ልጄ ገጠር ካልሄድኩ አለችኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ ዘንድሮ በሕክምና ተመረቀች። እኛ አዲስ አበባ አጠገባችን ትሠራለች ስንል፣ እሷ ሩቅ ገጠር ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ካልሄድኩ ብላ ድርቅ አለች። ምን አይታ ነው? ላስቀራት ወይስ ልተዋት? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። የእኔም እናት ዕጣዬ ሩቅ የወጣ ጊዜ እህል አልቀምስ ብላ ነበር። ያኔ ምርጫ የለም፤ ጤና ጥበቃ ዕጣ ያወጣል፣ የደረሰህ ቦታ ትሄዳለህ፣ የአገልግሎት ዘመንህን እስክትጨርስም ዲግሪህ ተይዞ ይቆያል። ልጅዎን ግን ማንም አላስገደዳትም።

እንደ ልጅዎ ያሉ ወጣት ሐኪሞችን መጀመሪያ የሚስባቸው ሥራው ነው። እንዲህ ያለ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አዲስ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ከሲኒየርና ከሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን ከሚማር ሐኪም) ኋላ ቆሞ ካርድ ሲጽፍ ይውላል፤ እዚያ ግን ሌሊት የመጣችው ወላድ፣ ጠዋት በወባ የሚንቀጠቀጠው ሕፃን፣ ከሰዓት በሬ ወግቶት በቃሬዛ የደረሰው ገበሬ፣ ሁሉም የሷን እጅ ነው የሚያዩት። እኔ በሁለት ዓመት የተማርኩትን ከተማ ብቀመጥ በአምስት ዓመትም አላገኘውም ነበር።

ሌላው አስተዳደግ ነው። ገጠር ያደገ ሐኪም ገጠር የመቆየት ዕድሉ ሰፊ እንደሆነ በብዙ አገር ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን ተቀበሉ ብሎ መክሯል። የእኛው ሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ከገጠር ሴት ልጆችን ተቀብሎ፣ አስተምሮ፣ ወደመጡበት አካባቢ ይመልሳቸዋል። የከተማ ልጆችም ቢሆኑ በተማሪነታቸው ገጠር ጤና ጣቢያ ወጥተው ከሠሩ (ጎንደርና ጅማ ይህን ለረጅም ዓመታት ሲያደርጉት ኖረዋል) ቦታው አያስፈራቸውም። በኋላ በክልሉ ስፖንሰርነት ስፔሻሊስት ለመሆን አስበው የሚሄዱም አሉ፤ ይህም ነውር የለበትም።

አሁን እውነቱን ልንገርዎ። እኔን የሰበረኝ መብራት መጥፋቱ አልነበረም፣ ብቻዬን መሆኔ ነው። አንድ ሌሊት ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ያላት እናት መጣች። ደም የለም፣ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል፣ ስልኩ ኔትወርክ የለውም፣ ባሏ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እስኪነጋ ማሕፀኗን ሳሽ አደርኩ። ተርፋለች፣ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም።

ስለዚህ አትሂጂ አይበሏት፣ ጠይቂ ይበሏት። ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሰው አለ? ኦክስጅንና ደምስ? መኖሪያ ቤት ግቢው ውስጥ ይሰጣሉ? የዲውቲ (የተረኝነት) ክፍያ ስንት ወር ይዘገያል? ከሆስፒታሉ ኃላፊ ይልቅ እዚያ እየሠራ ያለ ሐኪም ያውቃልና የሐኪሙን ስልክ ፈልጋ ታውራው። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ያኔ ይከልክሏት፣ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ሰላም ከሆነ ሽሮና በርበሬውን ያዘጋጁላት። የመጀመሪያው በዓል ሲመጣ ደግሞ እስክትመጣ አይጠብቁ፣ እርስዎ ይሂዱላት።